ሰሌዳው ምን ብሎ ይንገረን? ስለ መንገድ መጨናነቅና ስለ አማራጭ መንገድ ማስታወቂያዎች

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ከአዳማ የተላኩት አምስቱና ከሞጆ የመጣው አንዱ በአንድ ጉዳይ ላይ የተገናኙ ሆነው ስላገኘናቸው አብረን አስተናግደናቸዋል። ጉዳዩ መንገድ ሲጨናነቅ ወይም ሲዘጋ በመንገድ ዳር ሰሌዳ ላይ ለአሽከርካሪው ሊነገረው የሚገባው ምንድን ነው የሚለው ነው። ደብዳቤዎቹን ለቦታ ሲባል አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የመጽሔቱ አዘጋጆች፣ ከአዳማ አዲስ አበባ ሕዝብ የማመላልስ የሚኒባስ አሽከርካሪ ነኝ። ፈጣን መንገዱ ላይ አደጋ ሲደርስ እኛ ሾፌሮች አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው ከፊታችን ከሄደ ባልደረባ በስልክ ነው፤ ያልደወለለት ሰው የክፍያ ካርዱን ወስዶ ይገባና ሰልፉ ውስጥ ይቀራል። በሌላ አገር ሰሌዳዎች መጨናነቁን አስቀድመው ይናገራሉ ሲባል እሰማለሁ። ለመሆኑ ምን ብለው ነው የሚናገሩት? አሽከርካሪዎችስ የሚመርጡት የትኛውን ዓይነት ነው?

መልስ፦ ክቡር ጠያቂያችን፣ በመብራት የሚጻፍባቸውና መልእክታቸው እንደ ሁኔታው የሚቀያየር ሰሌዳዎች በብዙ አገሮች ለአሥርት ዓመታት አገልግለዋል፤ የሚናገሩበት መንገድ ግን ከቦታ ቦታ ይለያያል። በፓሪስ ዙሪያ ባለው የቀለበት መንገድ ላይ ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሰሌዳዎች እስከሚቀጥሉት ዋና ዋና መገናኛዎች ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ይነግራሉ። ኔዘርላንድስ የቆመውን የመኪና ሰልፍ ርዝመት በኪሎ ሜትር መጻፍን ለረጅም ጊዜ ስትጠቀምበት ኖራለች። የቶኪዮ የከተማ ፈጣን መንገዶች ደግሞ የመንገዱን ንድፍ በሰሌዳ ላይ አስቀምጠው፣ ዘገም ያለውን ክፍል በብርቱካናማ፣ የተዘጋጋውን ደግሞ በቀይ መብራት ያሳያሉ።

ወደ ምርጫው ስንመጣ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ አንድ የእንግሊዝ ጥናት አሽከርካሪዎች መንገድ የመቀየርና ያለመቀየር ውሳኔያቸው በሰሌዳው መኖር ብቻ ሳይሆን በሚነግራቸው ዝርዝር ላይ የተመሠረተ መሆኑን አሳይቷል፤ የመዘግየቱ መጠን፣ ምክንያቱ፣ አሽከርካሪው ስለ አካባቢው መንገዶች ያለው እውቀትና ከፊቱ በዓይኑ የሚያየው ሰልፍ ሁሉም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ይህ ከልምድ ከምናውቀው ጋር ይስማማል። «አደጋ ደርሷል» የሚል ቃል ያነበበ ሾፌር መንገዱ በቶሎ እንደማይከፈት ይገምታል፤ «መጨናነቅ አለ» የሚለውን ብቻ ያነበበው ግን በየማለዳው የሚያየው ዓይነት ይሆናል ብሎ ይቀጥላል። ስለዚህ በእኛ አስተያየት ቦታው፣ ምክንያቱና ደቂቃው ያልተጠቀሰበት የመጨናነቅ ማስታወቂያ የተሠራበትን ወጪ አይመልስም። የሰልፉ ርዝመት እንኳ ብቻውን አይበቃም፤ የሦስት ኪሎ ሜትር ሰልፍ እየተንቀሳቀሰ ከሆነ በጥቂት ደቂቃ ያልፋል፣ ሁሉም መስመር ከተዘጋ ግን ግማሽ ቀን ሊያስቆም ይችላል።

ደቂቃ መጻፉ በተለይ በእናንተ መንገድ ላይ ለምን እንደሚጠቅም በስሌት እንመልከተው። በ2007 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረው የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ ወደ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሳያቋርጥ ለሚጓዝ ሰው 51 ደቂቃ ያህል ይፈጃል ማለት ነው። አሮጌው መንገድ በሞጆ፣ በቢሾፍቱ፣ በዱከምና በአቃቂ መሐል ለመሐል የሚያልፍ፣ እግረኛው፣ ባጃጁ፣ ጋሪውና የሚሻገረው ከብት ሁሉ የሚጋሩት በመሆኑ፣ በደህናው ቀን እንኳ ከዚህ በብዙ ይበልጣል። እንግዲህ ፈጣን መንገዱ ላይ የሃያ ደቂቃ መዘግየት ቢኖርና ሰሌዳው ደቂቃውን ሳይጠቅስ «ተጨናንቋል» ቢል፣ ወደ አሮጌው መንገድ የዞረው ሹፌር ሃያ ደቂቃ ሊያተርፍ ብሎ ከዚያ የበለጠ ይከስራል። ሰሌዳው የሁለቱንም መንገዶች የጉዞ ጊዜ ጎን ለጎን ቢያስቀምጥ ግን ማንም ሰው በአንድ እይታ ያወዳድራል። የመንገድ ክፍያውን ከደቂቃው ጋር የሚመዝነው ደግሞ ራሱ ነው፤ የሚኒባስ ሹፌር፣ የቤት መኪና የያዘ ሰውና ቀጠሮ ያለው ነጋዴ በዚህ ረገድ አንድ ዓይነት ሚዛን የላቸውም።

ከይዘቱ ያላነሰው ጉዳይ ሰሌዳው የሚቆምበት ስፍራ ነው። ከእናንተ በኩል ዋናው የውሳኔ ቦታ አዳማ ላይ፣ ካርድ ከመወሰዱ በፊት ወደ ሁለቱ መንገዶች የሚገነጠልበት አካባቢ ነው። ከገቡ በኋላ የቀሩት ዕድሎች እንደ ሞጆና ቢሾፍቱ ያሉት መውጫዎች ስለሆኑ፣ ሰሌዳው ከእያንዳንዱ መውጫ ቀደም ብሎ፣ መስመር ቀይሮ ለመውጣት በሚያስችል ርቀት ላይ መቆም ይኖርበታል። ክፍያው በተጓዙት ርቀት የሚታሰብ በመሆኑ ሞጆ ላይ የወጣ ሰው የሚከፍለው እስከዚያው ብቻ ነው፤ ይህንንም የማያውቁ አሽከርካሪዎች ስላሉ መውጣቱን እንደ ኪሳራ ቆጥረው ሰልፍ ውስጥ ይቆያሉ።

አሁን ደግሞ ደስ የማያሰኘውን እንጨምር። አሽከርካሪ ሲጠየቅ የሚመልሰውና መሪ ይዞ የሚያደርገው አንድ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ የለንደን ጥናት እንዳመለከተው፣ በሰሌዳዎቹ ላይ የወጣውን መረጃ ያዩት ከአሽከርካሪዎቹ ሲሶ ያህሉ ብቻ ሲሆኑ፣ በትክክል መንገድ የቀየሩትም አስቀድሞ በመጠይቅ «እንቀይራለን» ባሉት መጠን ከተጠበቀው አንድ አምስተኛ ብቻ ነበሩ። ያም ሆኖ መረጃውን ያዩት ሰዎች ጠቃሚ ነው ብለዋል። ይህ የሚያስደንቅ ሊሆን አይገባም፤ ሰው መንገድ ባይቀይርም እንኳ ምን እንደሚጠብቀው ማወቁ ፍጥነቱን አስቀድሞ እንዲቀንስ፣ ለሚጠብቀውም ሰው እንዲያስደውል ያስችለዋል። እርስዎም ቢሆኑ ለተሳፋሪዎችዎ የሚነግሩት ቁርጥ ያለ ነገር ይኖርዎታል።

የመጨረሻው ነጥብ እምነት ነው። አደጋው ተነሥቶ መንገዱ ከተከፈተ በኋላ ሰሌዳው ያንኑ መልእክት ይዞ ከቆየ፣ በዚያ ያለፈው ሹፌር ሁሉ በሚቀጥለው ጊዜ አያምነውም። ስለዚህ መልእክቱን የሚጽፈው ባለሙያ የሚያጠፋበት ሰዓትም ግዴታው ሊሆን ይገባል። ሰሌዳው ሥራ በሌለው ጊዜ ምክር ይጻፍበት የሚሉም አሉ፤ እኛ ግን ባዶውን ቢቀመጥ ወይም የተለመደውን የጉዞ ደቂቃ ቢያሳይ እንመርጣለን። በአሜሪካ የቴክሳስ ግዛት ከ2012 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በወር አንድ ሳምንት በዓመቱ በመንገድ የሞቱትን ሰዎች ቁጥር በሰሌዳዎች ላይ የማሳየት ልማድ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት ሰሌዳው ይህን ሲያሳይ ከሰሌዳው ቀጥሎ ባለው 10 ኪሎ ሜትር ውስጥ የግጭቶች ቁጥር በ4.5 በመቶ ከፍ ብሎ መገኘቱን ዘግቧል። ለማስጠንቀቅ የተጻፈው ሐሳብን በትኖ አደጋ አምጥቷል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ከጅቡቲ ዕቃ ጭኜ ሞጆ ደረቅ ወደብ የማራግፍ የተሳቢ አሽከርካሪ ነኝ፤ ቤቴ አዳማ ነው። መንገድ ሲዘጋ የሚወጡት ማስታወቂያዎች «አማራጭ መንገድ ይጠቀሙ» ይላሉ፤ የትኛውን እንደሆነ ግን አይናገሩም። ለእኔ ዓይነቱ መኪናስ አማራጭ የሚባለው የትኛው ነው?

መልስ፦ ቅሬታዎ ተገቢ ነው። ስሙ ያልተጠራ አማራጭ ለአካባቢው ሰው አላስፈላጊ፣ ለእንግዳው ደግሞ የማይጨበጥ ነው። መልእክቱ «በሞጆ ወጥተው በአሮጌው መንገድ ይሂዱ» ቢል ቢያንስ ሰው የሚያደርገውን ያውቃል። እዚህ ላይ ትእዛዝና መረጃን መለየት ያስፈልጋል ብለን እናምናለን። መንገዱ በከፊል ከተያዘ ሰሌዳው ሁኔታውን ተናግሮ ምርጫውን ለአሽከርካሪው ይተው፤ ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ ግን መምረጫ የለምና በግልጽ ትእዛዝ፣ መውጫውን በስሙ ጠርቶ ይናገር። ሁለቱን የሚያደባልቅ ሰሌዳ ውሎ አድሮ ትእዛዙንም ምክር ያስመስለዋል።

ለተሳቢ ግን ነገሩ ከዚህም ይከብዳል። ለቤት መኪና አማራጭ የሚሆን የከተማ ውስጥ መንገድ ወይም የጠጠር መንገድ ለሙሉ ጭነት ተሳቢ አይሆንም፤ መዞሪያው ይጠባል፣ ድልድዩ ያሳስባል፣ የኤሌክትሪክ ሽቦውም ዝቅ ብሎ ይገኛል። ስለዚህ አማራጭ መንገድ የሚጠቁም ሰሌዳ ሁሉ ለየትኛው መኪና እንደሆነ መናገር አለበት፤ ለከባድ መኪና የማይሆን ከሆነም የመኪናውን ሥዕል አድርጎ መከልከል ይገባዋል። ከአዋሽ፣ ከመተሐራና ከወለንጪቲ አቅጣጫ ለሚመጣ ባለ ተሳቢ ከአማራጭ መንገድ ይልቅ የሚጠቅመው ስለ ማቆሚያ ስፍራ የሚሰጥ መረጃ ይመስለናል፦ መንገዱ እስከ ስንት ሰዓት ይዘጋል፣ ከመዘጋቱስ በፊት መኪና አቁሞ ምግብ በልቶ የሚያርፍበት ከተማ የትኛው ነው። መተሐራ ላይ ቆሞ ሁለት ሰዓት መጠበቅ ጨለማ ላይ በአስፋልቱ መሐል ሁለት ሰዓት ከመቆም በእጅጉ ይሻላል። ለጭነት አሽከርካሪዎች ሲታሰብ ይህ ነጥብ እምብዛም አይነሣም።

እግረ መንገዳችንን፣ እናንተው ያቆያችሁትን ልማድ ሳናነሣ ማለፍ አንፈልግም። የተበላሸ መኪና ከፊት መኖሩን ለመንገር አስፋልት ላይ የሚደረደረው ለምለም ቅጠል ቋንቋ የማይጠይቅ፣ ማንም ሾፌር የሚረዳው፣ ከሚገባው ቦታ ላይ የሚቀመጥ ማስጠንቀቂያ ነው። ችግሩ በሌሊት አለመታየቱና አንዳንዴ መኪናው ሄዶ ቅጠሉ፣ ይባስ ብሎም ድንጋዩ፣ እዚያው መቅረቱ ነው። አንጸባራቂውን ሦስት ማዕዘን ከቅጠሉ ጋር ማስቀመጥ፣ ሲነሡም ሁለቱንም ማንሣት የእናንተ ፈንታ ነው።

ጥያቄ፦ አዳማ ውስጥ መምህርት ነኝ፤ የቤት መኪና አሽከረክራለሁ። በእኛ አካባቢ ሰሌዳዎች በአፋን ኦሮሞ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይጻፋሉ። በፍጥነት የሚሄድ ሰው ይህን ሁሉ ማንበብ ይችላል? ሥዕል ብቻውን አይበቃም?

መልስ፦ እኅታችን፣ ጥያቄዎ ጊዜ የሚለካበት ስለሆነ በቁጥር እንመልሰው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በአንድ ሰከንድ ወደ 28 ሜትር ይሄዳል። ሰሌዳው ከ200 ሜትር ርቀት ላይ የሚነበብ ቢሆን ለአሽከርካሪው የሚደርሰው ሰባት ሰከንድ ያህል ነው፤ ሰሌዳው ከመስታወቱ በላይ የሚያልፍበት የመጨረሻው ርቀት ሲቀነስ ደግሞ ያንሳል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የአሜሪካ የመንገድ ምልክቶች መመሪያ ተቀያያሪ መልእክት ከሁለት ገጽ፣ እያንዳንዱም ገጽ ከሦስት መስመር እንዳይበልጥ ያዝዛል፤ ለአንድ ቃልም አንድ ሰከንድ ያህል የንባብ ጊዜ ያስባል። በዚህ ልኬት ከአምስትና ከስድስት ቃል በላይ የሆነ መልእክት ሳይነበብ ያልፋል።

ሦስት ቋንቋ ሲኖር አሽከርካሪው ሦስቱንም አያነብም፤ የራሱን ፈልጎ ያነባል እንጂ። ጊዜ የሚበላውም ፍለጋው ነው። ስለዚህ የቋንቋዎቹ ቅደም ተከተል በሁሉም ሰሌዳ ላይ አንድ ዓይነት ከሆነ ዓይን ወዴት እንደሚሄድ ይለምዳል። ተቀያያሪ ሰሌዳ ቋንቋዎቹን በየተራ የሚያሳይ ከሆነ ግን ፈጥኖ የሚያልፈው ሰው የእርሱ ተራ ሳይደርስ ሊያልፍ ይችላል፤ እንግዶችን በቋንቋቸው ለማስተናገድ የተደረገው ጥረት ከንቱ ይሆናል። የፊደል ቅርጽም መታሰብ አለበት። የእኛ ፊደል አናባቢውን የሚለየው በትንሽ እግር፣ በቀለበትና በቅጥያ ስለሆነ፣ በነጥብ በነጥብ መብራት በሚጻፍ ሰሌዳ ላይ ፊደሉ ካልተለቀና ነጥቦቹ ካልበዙ «በ»፣ «ቡ» እና «ቢ» ከሩቅ ይመሳሰላሉ። ከሌላ አገር ተገዝቶ የመጣ ሰሌዳ ለላቲን ፊደል የተለካ ሊሆን ስለሚችል፣ ከመተከሉ በፊት የግዕዝ ፊደል ተጽፎበት በቀንም በሌሊትም ከሚፈለገው ርቀት ላይ ቆሞ ማየት የሚጠይቀው አንድ ቀን ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ነው የቁጥር ጥቅም ጎልቶ የሚታየው። 35 ተብሎ የተጻፈን ቁጥር የአፋን ኦሮሞ፣ የአማርኛና የእንግሊዝኛ አንባቢ እኩል ያነባል። የተጋጩ መኪናዎች ወይም የተደረደሩ መኪናዎች ሥዕል፣ ከጎኑ የመንገዱ ስምና የደቂቃው ቁጥር ቢቀመጥ፣ በሦስት ቋንቋ የሚያስፈልገው የከተማው ስም ብቻ ይሆናል። ሥዕል ብቻውን ይበቃል ወይ ላሉት ግን፣ አይበቃም፤ ሥዕሉ ምን እንደተፈጠረ እንጂ የት እንደሆነና ምን ያህል እንደሚያዘገይ አይናገርም። በቀለም የሚሠራው የመንገድ ንድፍ ለለመደው ሰው ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ቀይና አረንጓዴን መለየት የሚቸግራቸው ሰዎች፣ በተለይም ወንዶች፣ ጥቂት አይደሉምና ቀለሙን ቁጥር ሊያግዘው ይገባል።

ጥያቄ፦ ሞጆ ውስጥ በአሮጌው መንገድ ዳር ሱቅ አለኝ። እናንተ ለሾፌሮች የምትጨነቁትን ያህል፣ ፈጣን መንገዱ በተዘጋ ቁጥር መኪናው ሁሉ ወደ እኛ ሲዞር ልጆቻችን የሚሻገሩበት እንደሚያጡ ማን ያስብልናል?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስለጻፉልን እናመሰግናለን፤ ስለ ሰሌዳዎች በሚደረገው ውይይት ውስጥ የመንገዱ ዳር ነዋሪ ድምፅ እምብዛም አይሰማም። እንግሊዛዊው የትራፊክ ተመራማሪ ዋርድሮፕ እ.ኤ.አ. በ1952 ባስቀመጠው መርህ መሠረት፣ እያንዳንዱ አሽከርካሪ ለራሱ የሚፈጥነውን ሲመርጥ ውሎ አድሮ በሥራ ላይ ያሉት መንገዶች ሁሉ እኩል ጊዜ የሚወስዱ ይሆናሉ፤ ማለትም አማራጩ አማራጭነቱን የሚያጣው ሰዎች ሲሞሉት ነው። ስድስት መስመር ካለው መንገድ የሚወጣ መኪና ሁሉ ወደ ሞጆ ዋና ጎዳና ከተላከ እናንተም ትቸገራላችሁ፣ ሾፌሩም አያተርፍም። የሁለቱም መንገዶች ደቂቃ እየታደሰ የሚጻፍበት ሰሌዳ ከትእዛዝ ይሻላል የምንልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ አሮጌው መንገድ ሲሞላ ቁጥሩ ይጨምራል፣ የሚዞረውም ሰው በራሱ ይቀንሳል። ሙሉ በሙሉ መዘጋት ሲያጋጥም ግን ሰሌዳ ብቻውን አይበቃም። ትራፊክ ፖሊስ በመሻገሪያዎች ላይ መቆም አለበት፤ ከባድ መኪኖችም ወደ ከተማ ሳይገቡ በፈረቃ መለቀቅ ይኖርባቸዋል። ይህንን ከከተማው ትራፊክ ጽሕፈት ቤት ጋር አስቀድሞ ተነጋግሮ ማዘጋጀት ይቻላልና በቀበሌያችሁ በኩል ብትጠይቁ መልካም ነው።

ጥያቄ፦ ስልክ ላይ ያለው ካርታ መንገዱን በቀይና በአረንጓዴ ያሳየኛል። ሰሌዳ ለምን ያስፈልጋል? (ከአዳማ፣ ተማሪ)

መልስ፦ ስልኩ ከመነሣትዎ በፊት ከሰሌዳ ይሻላል፤ መሪ ከያዙ በኋላ ግን አይሻልም። ካርታው መጨናነቁን የሚያውቀው በመንገዱ ላይ ካሉ ስልኮች እንቅስቃሴ ስለሆነ፣ እንዲህ ያለ ስልክ የያዙ ሰዎች በሚያንሱበት መንገድና ሰዓት መረጃው ይሳሳል። መንገዱ ለምን እንደተዘጋና መቼ እንደሚከፈትም ብዙ ጊዜ አያውቅም፤ ይህን የሚያውቀው በቦታው ያለው ሠራተኛና ፖሊስ ነው።

ጥያቄ፦ በኢሬቻና በቁልቢ ሰሞን መንገዱ እንደሚሞላ እየታወቀ በየዓመቱ እንደ አዲስ እንገረማለን። ለእነዚህ ቀናት ምን ዓይነት ማስታወቂያ ይሻላል? (ከአዳማ፣ የአስጎብኚ መኪና አሽከርካሪ)

መልስ፦ ቀኑ አስቀድሞ ለሚታወቅ መጨናነቅ ውድ ሰሌዳ አያስፈልግም፤ በጊዜው የሚተከል የብረት ወይም የጨርቅ ማስታወቂያ ይበቃል። ቢሾፍቱ ላይ ለሚከበረው ኢሬቻና ለታኅሣሥ 19ኙ የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ማስታወቂያው ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀድሞ መቆም አለበት፤ ምክንያቱም አሽከርካሪው ሊለውጠው የሚችለው መንገዱን ሳይሆን የሚነሣበትን ቀንና ሰዓት ነው። በተለይ ከአዳማ ወደ ምሥራቅ ለሚሄደው የቁልቢ ተጓዥ መነሻን በግማሽ ቀን ማስቀደም ከየትኛውም አማራጭ መንገድ በላይ ይጠቅማል።

ሰዓቱ ሲጻፍ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ከ1፡00 እስከ 6፡00 ዝግ ነው» የሚል ጽሑፍ በእኛ አቆጣጠር ከማለዳ እስከ ቀትር ሲሆን፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የለመደ የድርጅት ሾፌር ወይም የውጭ አገር ጎብኚ ከሌሊት እስከ ንጋት አድርጎ ሊረዳው ይችላል። «ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ቀኑ 6 ሰዓት» ተብሎ ይጻፍ፤ በእንግሊዝኛው መስመርም በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር 7 እና 12 ተብሎ ይቀመጥ። ቀኑም በሁለቱም የዘመን አቆጣጠር ቢጠቀስ እርስዎ የሚያጓጉዟቸው እንግዶች ግራ አይጋቡም።